ስሙ ቁር፣ ግብሩ ሐሩር፦ የብስክሌተኞች የራስ ቁር የሰፋሁባቸው ዓመታት

ጡረታ የወጣሁት በመርፌ ቀዳዳ ምክንያት ነው። አንድ ጠዋት ክር ላስገባ ስታገል ባለቤቴ ዘሃራ ጥቂት ካየችኝ በኋላ መርፌውን ከእጄ ወስዳ አስገባችልኝ። በማግስቱም እንዲሁ። ሳምንት ሳይሞላ ሥራዋን ትታ አጠገቤ መቀመጥ ጀመረች። በመጨረሻ «እንግዲህ ሰፊው ማን ነው፣ አንተ ነህ እኔ?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። በዚያው ሳምንት ወስፌዎቼን፣ ጉጠቶቼንና የሰም እንክብሌን ሰብስቤ ሞጣ ገበያ ለሚሠራ አንድ ኮርቻ ሰፊ ሰጠሁ።

በሥራ ዘመኔ ኮርቻ ሰፍቻለሁ፣ የመጽሐፍ ማኅደር ሰፍቻለሁ፣ የፖስታ ከረጢት ጠግኛለሁ። አብዛኛው ዕድሜዬ ያለቀው እዚሁ ሞጣ፣ በራሴ ሱቅ ውስጥ ኮርቻ ስሰፋ ነው። ሰው መጥቶ ሲያጫውተኝ ግን የሚጠይቀኝ ስለ ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው፤ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ ለእሽቅድምድም ብስክሌተኞች የራስ ቁር ስለሰፋሁባቸው ዓመታት። ዘመን ሲለወጥ ያ ውድድር ቀረ፤ እኔም ወደ ኮርቻዬ ተመለስኩ። ዛሬ ሁሉም ኤልሜት ይለዋል፤ ከፋብሪካ ተሠርቶ፣ እንደ ላባ ቀሎ ይመጣል። ይዤው አይቻለሁ፤ ከእኔ ሥራ ይሻላል። የእኛው የቆዳ ነበር፤ በእጅ የሚሰፋ፣ ላብ የሚጠጣ፣ ጠረኑ ከጋላቢው ቀድሞ ከተማ የሚገባ።

ሥራውን የተማርኩት ቢቸና ነው። አባቴ የሞጣ ቆዳ ነጋዴ ነበር፤ የፍየል ሌጦ እየገዛ ቢቸና ላሉ አንድ ደጓሽ ያቀርብ ነበር። ደጓሽ ማለት መጽሐፍን በቆዳ የሚለብጥ ባለሙያ ነው። እኚህ ሰው የኔታ ልሳነ ወርቅ ይባሉ ነበር፤ ቅኔ የተማሩ፣ ብራና የሚፍቁ፣ ማኅደር የሚሰፉ፣ ጊዜ ሲተርፋቸው ደግሞ ኮርቻ የሚሠሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን አባቴን «ሌጦህ ጥሩ ነው፤ ልጅህ ግን ከሌጦህ ይሻላል። ተወልኝ» አሉት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። የእስላም ልጅ የቤተ ክርስቲያን ደጓሽ ዘንድ ሊማር ሄደ ተብሎ ሞጣ ላይ ትንሽ ተወራ፤ ከዚያ ተረሳ።

ከየኔታ ጋር በጾም ቀን ገበታችን አንድ ነበር። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴም ሲገባ ሙሉውን፣ ከአንድ ትሪ ሽሮና ጎመን እንበላለን። ፍስክ ሲሆን እርሳቸው ወደ ቤታቸው፣ እኔ ወደ ተከራየሁበት ቤት እንሄዳለን። «ሰውን ጾም ሲለያየው አይቻለሁ፤ እኔና አንተን ግን የሚለያየን ፍስክ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር።

ቆዳ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ከዚያ ቆዳውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው በጥፍራቸው መታ ያደርጉታል። «ይህ ከሆዱ በኩል የተቆረጠ ነው፣ ይለጠጣል» ወይም «ይህ የጀርባ ነው፣ ለማሰሪያ ይሆናል» ይሉኛል። እኔ ምንም አይሰማኝም ነበር፤ እንዲያው ራሴን እነቀንቃለሁ። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ላይ ሰማሁ። የሆድ ቆዳ ድምፁ ይተኛል፤ የጀርባ ቆዳ ግን ይመልሳል። በደስታ ብድግ ስል የኔታ ቀና ብለው ሳያዩኝ «ሰማህ፣ ኑሩ?» አሉ። በዚያን ቀን የራሳቸውን ወስፌ ሰጡኝ።

ከሁሉ የሚገርመው ልማዳቸው አዲስ ማኅደር ሰፍተው ሲጨርሱ ነበር። ለባለቤቱ አይሰጡም። ድንጋይ ሞልተው በገዛ አንገታቸው ያንጠለጥሉትና ቀኑን ሙሉ እንደ ተሸከሙት ይውላሉ። ከዚያ ውኃ ይነክሩታል፤ በማግስቱም እርጥቡን እንደገና ድንጋይ ሞልተው ያንጠለጥሉታል። የማያውቃቸው መንገደኛ ከባድ ቀኖና የተሰጣቸው ይመስለው ነበር። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው «ሥራህን ዝናብ ሳይፈትንብህ አንተ ፈትነው» አሉኝ። ቃሉን ወደድኩት። ለሰው ሁሉ እነግረው ነበር። መናገርና መፈጸም ግን ለየቅል መሆናቸውን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

እርሳቸው ዘንድ በገባሁ በአራተኛው ዓመት አዲሱ የጠጠር መንገድ የብስክሌት እሽቅድምድም ይዞብን መጣ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን ወርዶ ወጥቶ፣ በቢቸናና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚያበቃ፣ በየከተማው እያደረ የሚቀጥል የብዙ ቀን ውድድር ነበር። ለጋላቢዎቹ ጨዋታ አልነበረም፤ ለየድርጅቱ ቡድን እየጋለቡ ደመወዝ የሚያገኙ፣ እንጀራቸው ፔዳል ላይ የሆነ ሰዎች ናቸው። ጎሐ ጽዮን አድረው፣ በረሃውን ወርደው ወጥተው ቢቸና ሲገቡ የከተማው ሰው ሥራ ፈትቶ ተቀበላቸው።

ከመጡት አንዱ የአንድ ጭነት ማመላለሻ ድርጅት ቡድን ነበር። አሠልጣኙ ሻምበል ታደሰ ይባላሉ፤ ከጦር ሠራዊት በጡረታ የተገለሉ፣ ቀጭን ረዥም፣ ንግግራቸው እንደ ትእዛዝ ያጠረ። የአራቱ ጋላቢዎቻቸው የራስ ቁር በላብ ስለራሰ እንዲደርቅ ብለው ከጭነት መኪናቸው ጎን ሰቅለውት ተኙ። ጠዋት ሲነሡ አንድ ብቻ ቀርቷል። ሦስቱን ጅብ በልቶታል። ለጅብ በጨውና በላብ የታሸ ቆዳ ከድግስ አይተናነስም። ከከተማው ዳር አንድ ዘለበት ተገኘ፤ የቀረው የት እንደ ደረሰ ጅቡ ያውቃል።

ደንቡ ያለ ራስ ቁር ማንም አይነሣም ይላል። ደግነቱ ዕለቱ የዕረፍት ቀን ነበር። ሻምበል በከተማው ቆዳ ሰፊ ይኖር እንደሆነ ሲጠይቁ ሰዎች የኔታ ደጅ አደረሷቸው።

የኔታ እጃቸውን ታጥበው ከጅብ የተረፈውን ቁር ተቀበሉና አገላበጡት። ቋሊማ የመሰሉ ሦስት የታጨቁ የቆዳ ጥቅልሎች ከግንባር ወደ ማጅራት ይሄዳሉ፤ አንድ ወፍራም ጥቅልል ደግሞ ዙሪያውን ይይዛቸዋል። በመካከላቸው ነፋስ ይገባል። ከጆሮ ሥር የሚወርደው ማሰሪያ አገጭ ሥር በዘለበት ይቆለፋል። በወስፌ ስፌቱን ትንሽ ፈተው ውስጡን አዩ፤ የበግ ጠጉር ነው።

«ማን ይባላል?» አሉ።

«የራስ ቁር» አሉ ሻምበል።

«ይሞቃል?»

«ዓባይ በረሃ ላይ አናት ያፈላል።»

የኔታ «እንግዲያው ስሙ ቁር፣ ግብሩ ሐሩር» አሉ። ቁር ብርድም ነውና ቅኔው ገብቶኝ ሳቅሁ። ሻምበልም ትንሽ ዘግይተው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቡድኑ ዘንድ የራስ ቁር መጠሪያው «ሐሩር» ሆኖ ቀረ። «ሐሩሬን አቀብለኝ» ይባባሉ ነበር።

ያን ቀን ፀሐይ እስክትጠልቅ ሦስት ቁር ሰፋን። የኔታ የበግ ጠጉሩን አልወደዱትም፤ «በላብ ይተኛል፣ ከተኛም አይነሣም» ብለው የፈረስ ጋማ እንዲመጣ አደረጉ። ጋማ ሲጫኑት መልሶ ይገፋል። እርሳቸው ይቆርጣሉ፣ እኔ እያጨቅሁ እሰፋለሁ፤ የየራሳቸውንም ልክ ዙሪያውን በክር እየለካሁ ቋጠሮ እቋጥራለሁ።

ከጋላቢዎቹ አንዱን ስለካ ክሩ አልደርስ አለኝ። አያሌው ይባላል፤ የደብረ ወርቅ ልጅ ነው። በዚያ ዘመን ፋሽን የነበረው ጎፈሬ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶለታል። «የምለካው ራስህን ነው ጎፈሬህን?» አልኩት። «ሁለቱም የእኔ ናቸው» አለኝ። በማግስቱ ውድድሩ በገዛ አገሩ በደብረ ወርቅ ያልፋል፤ ዘመድ አዝማዱ መንገድ ዳር ሆኖ ሲያየው ጎፈሬው እንዲታይ ይፈልጋል። መከርነው፣ አልሰማም። በማግስቱ ቁሩ ከጎፈሬው አናት ላይ እንደ ወፍ ጎጆ ተቀምጦ ሲያልፍ የደብረ ወርቅ ሕዝብ እልል አለለት። እኔና አያሌው ወዳጅ የሆንነው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

ውድድሩ ካለቀ በኋላ ከሻምበል ደብዳቤ መጣልኝ፤ የቡድኑ ዕቃ ያዥና ሰፊ ሆኜ እንድቀጠር ይጠይቃል። የኔታ መርቀው ሸኙኝ። ደመወዙ ከኮርቻ የተሻለ ነበር፤ አንድ ስንዝር ቆዳ ለማውጣት ግን በሦስት ቅጂ ፎርም መሙላት ነበረብኝ፤ ይህን ሲነግሩኝ የምስቅበት አይመስለኝም ነበር፣ አሁን እስቃለሁ።

ዋናው ሥራዬ መስፋት አልነበረም። መምረጥ ነበር። ለእያንዳንዱ ጋላቢ ሁለት ሁለት ቁር አዘጋጀሁ፤ አንዱ ስስ፣ አንዱ ወፍራም። ስሱ ቀላል ነው፣ ነፋስ ያስገባል፣ ለዳገትና ለሐሩር ይመቻል፤ ከወደቁ ግን የሚያድነው ግማሹን ነው። ወፍራሙ እንደ ሁለተኛ የራስ ቅል ይጠብቃል፤ ዳገት ላይ ግን ላቡ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ አንገት ይደክማል። የብዙ ቀን ውድድር ላይ ደግሞ የዛሬ ድካም ለነገ ይተርፋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሰማዩን አያለሁ፣ የመንገዱን ዳገትና ቁልቁለት እጠይቃለሁ፣ ማን ደክሞታል፣ ማን ቁልቁለት ላይ ይደፍራል ብዬ አስባለሁ። ሐሳቤን ለሻምበል እነግራቸዋለሁ፤ የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። ብዙ ጊዜ የእኔን ሐሳብ የሚሰሙት እንደ ሬዲዮ ነበር፤ እያለፉ።

ጥፋቴን የሠራሁት በሁለተኛው ዓመት ነው።

አያሌው የአገጩ ማሰሪያ ቆዳውን እየላጠው ተቸግሮ ነበር። ቢቸና እንደ ደረስን «ኑሩ፣ እባክህ ይህን ነገር አለስልስልኝ፤ ነገ በአገሬ ሳልፍ አገጬ ደምቶ እንዳያዩኝ» አለኝ። ጊዜው ጠባብ ነበር። ለስላሳ እንዲሆን ብዬ ማሰሪያውን ከሆድ ቆዳ ቆረጥኩ፤ ይባስ ብዬ በሞራ አሸሁት። ሐር መሰለ። አያሌው አገጩ ላይ አድርጎ አየውና ሳመኝ። በጥፍሬ መታ አድርጌ ድምፁን አልሰማሁም። ውኃ ውስጥ አልነከርኩትም። የኔታ ቤት ከማረፊያችን የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነበር፤ ሄጄ አላሳየኋቸውም። በቡድን ሥራ የተከበርኩ ሰው ሆኜ የለ፣ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ለሁሉም ስሱን ሰጠሁ። ደብረ ወርቅ ላይ አያሌው ከሁሉ ቀድሞ አለፈ፤ እናቱ መንገድ ዳር ሆነው ሲመርቁት ከጭነት መኪናው ላይ ሆኜ አይቻቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ያለ ማስጠንቀቂያ ወረደ፤ ጠጠሩ ጭቃ ሆነ። ሞጣ ሊገባ ጥቂት ሲቀር ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ። መኪናችን ኩርባውን ስትዞር መንገዱ መካከል ላይ አንድ ነገር ወድቆ አየሁ። ዘልዬ ወረድኩ። የአያሌው ቁር ነበር። አያሌው ራሱ ሃያ እርምጃ ያህል ወርዶ፣ ከድንጋይ ክምር አጠገብ ተኝቷል።

ቁሩን አነሣሁት። ዘለበቱ እንደ ተቆለፈ ነው። አልተበጠሰም፣ አልተፈታም። ማሰሪያው በዝናብ ርሶ ተለጥጦ አገጩን አልፎ ወጥቷል። የተለጠጠውን በጣቴ ለካሁት፤ አራት ጣት ሙሉ ነበር። ያን አራት ጣት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሞጣ ክሊኒክ ያለው ድሬሰር ቁስሉን ሰፍቶ፣ ደሙን አቁሞ፣ በእኛው መኪና ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ላከው። ነፍሱ ተረፈች። የግራ ጆሮው ግን መስማት አቆመ።

ውድድሩ ሲያልቅ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ለመግባት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። አያሌው ራሱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ጎፈሬው የለም፤ ሐኪሞቹ ላጭተውታል። የሆድ ቆዳ እንደቆረጥኩ፣ በሞራ እንዳሸሁ፣ ሳልፈትነው እንደሰጠሁት ሁሉንም ነገርኩት። የምናገረው በግራ ጆሮው በኩል ቆሜ ስለነበር ግማሹን አልሰማኝም። በቀኙ በኩል ዞሬ እንደገና ከመጀመሪያው መናገር ነበረብኝ። ኃጢአት ሁለት ጊዜ መናዘዝ ከባድ ነው።

«አለስልስልኝ ያልኩህ እኔ ነኝ» አለኝ።

«ብትለኝም የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ፊቱን አዞረ። መስኮቱን ሲያይ ቆየ። የተቆጣ መሰለኝ፤ መብቱም ነበር። ከዚያ እጁን አንሥቶ የተላጨ ራሱን ዳሰሰ። «እንግዲህ ጎፈሬውም ሄደ» አለ። «ክርህን ይዘሃል? አሁን የራሴን ልክ ውሰድ።»

ሳቅሁ ይሁን አለቀስኩ አላውቅም። ክሩ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ለካሁት።

ከዚያ በቀጥታ ቢቸና የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉን ስነግራቸው አልተቆጡም። «ነክረኸዋል?» ብቻ አሉኝ። አልነከርኩትም አልኩ። ተነሥተው ባልዲ ውኃ አመጡ፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት ቆዳ አንድ አንድ ቅዳጅ ቆርጠን ነከርን፤ በነጋታው ጫፋቸው ላይ ድንጋይ እያሰርን ዛፍ ላይ ሰቀልናቸው። የሆዱ ብዙ ተለጠጠ፣ የጀርባውም ቢሆን ጥቂት ተለጠጠ። ያንን እያየን ሳለ የኔታ በወጣትነታቸው የሠሩት አንድ ማኅደር ዝናብ አስገብቶ የአንድ ካህን ዳዊት እንዳበላሸ ነገሩኝ። «ድንጋይ በአንገቴ ማንጠልጠል የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። አንተም እንግዲህ ጀምር» አሉኝ።

ችግሩ ቆዳ ሁሉ ሲረጥብ የሚረዝም መሆኑ ነበር። መፍትሔ ያገኘችው ዘሃራ ናት። በዚያው ዓመት ነበር የተጋባነው፤ አባቷ ሞጣ ላይ ጨርቅ ይነግዱ ስለነበር ጥጥ ታውቃለች። ሞጣ ባለው ግቢያችን ውስጥ ድንጋይ ስሰቅል ስታየኝ ሰንብታ አንድ ቀን «ለምን ከቆዳ ጋር ትጣላለህ?» አለችኝ። «የልብስ መስጫ ገመዳችን በክረምት ምን እንደሚሆን አላየህም? ሲረጥብ ይወጠራል እንጂ አይረግብም። ጥጥ ሲረጥብ ያጥራል።» መቀነቷን ፈታ ሰጠችኝ። ነከርነው፣ ድንጋይ ሰቀልንበት። ድንጋዩ በመውረድ ፈንታ ትንሽ ከፍ አለ።

ከዚያ በኋላ ማሰሪያውን ሁሉ ጠበቅ ተደርጎ ከተሸመነ ጥጥ ሠራሁ፤ ከጆሮ ፊትና ኋላ እንደ መንታ መንገድ ተለያይቶ ወርዶ አገጭ ሥር የሚገናኝ። እያንዳንዱን ቁር ራሴ ላይ አድርጌ፣ ባልዲ ውኃ ከላይ ዘሃራ እያፈሰሰችብኝ፣ ወደ ላይ ጎትቺ እላታለሁ። ጎረቤት አጥር ላይ ተደግፎ ያየን ነበር። «ምን ሆነው ነው?» ሲባል አንዷ ጎረቤታችን «አዲስ ተጋቢዎች ናቸው» ብላ መለሰች አሉ።

በዓመቱ አያሌው ተመለሰ። ሻምበል መጀመሪያ አልፈለጉትም፤ በግራ የሚመጣ መኪና አይሰማም ብለው። አያሌው «ወደ ፊት ነው የምሄደው፤ ከኋላዬ ያለው ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ተከራክሮ ገባ። ቢቸና ስንደርስ ቡድናችን ከአጠቃላዩ ውድድር ሁለተኛ ነበር፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሻምበል ከሞጣው መንገድ ብዙ ይጠብቁ ነበር።

ጠዋት ሰማዩ በአንድ ጥግ ደመና ይዟል። እኔ ወፍራሙን ብቻ ደረደርኩ። ሻምበል መጥተው አዩ።

«ስሱን አውጣ።»

«ዛሬ ስሱን አልሰጥም፣ ሻምበል።»

«ምን አልክ?»

«ያ ቁልቁለት አለ፤ ደመናም አለ። ስሱን ሣጥን ውስጥ ቆልፌዋለሁ። ከፈለጉ ከሥራ ያሰናብቱኝ፤ ቁልፉን ግን ሞጣ ስንደርስ ነው የምሰጥዎ።»

እንዲህ ያለ ነገር ለሻምበል ተናግሬ አላውቅም። እርሳቸው ትክ ብለው አዩኝ። የመነሻው ፊሽካ ሊነፋ ደርሶ ነበርና «ሞጣ ላይ እንነጋገራለን» ብለው ሄዱ። አያሌው ከሁሉ ቀድሞ የራሱን ወፍራም ቁር አንሥቶ አጠለቀ።

ደመናው ግን አታለለኝ። ገና ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ተበትኖ ጠፋ፤ ፀሐዩ እንደ እሳት ወረደ። ጋላቢዎቹ ዳገቱን ሲወጡ በመኪናችን አጠገብ እያለፉ ስሜን እየጠሩ ይረግሙኝ ነበር። ሻምበል ከፊት ወንበር ተቀምጠው አንድም ጊዜ አልዞሩም። ማንም ሳይነግረኝ ከሥራ የምባረርበትን ቀን አሰብኩት፤ ኮርቻ መስፋት መጥፎ ሥራ አይደለም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ቁልቁለቱ ላይ ዝናብ የለም፤ አቧራ ነበር። ከፊት የሚሄደው መኪና ያነሣው አቧራ መንገዱን ጋርዶታል። በአቧራው ውስጥ ከገበያ የሚመለሱ በሬዎች መንገድ ሲያቋርጡ ማንም አላያቸውም። አያሌውና ሁለት ጓደኞቹ ተያይዘው ወደቁ። ወርጄ ሮጥኩ። ስደርስ አንዱ ክርኑን ይዞ ተቀምጧል፤ ሁለተኛው ብስክሌቱን ያነሣል። አያሌው ቆሞ በሬዎቹን ይሳደባል። የሦስቱም ቁር ራሳቸው ላይ ነው። የሁለተኛው ጋላቢ ቁር ከጎኑ ተሰንጥቆ ጋማው ወጥቷል፤ ሥሩ ያለው ራስ ግን አልተጫረም። ሻምበል ስንጥቁ ውስጥ ጣታቸውን አስገብተው አዩ። «ውጡ፣ ጋልቡ» ብቻ አሉ።

ሞጣ መግቢያ ላይ ዳስ ተጥሎ፣ የአውራጃው ገዥ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። አያሌው አራተኛ ሆኖ ገባ፤ ከጎጃም ልጆች ግን ቀዳሚው እርሱ ስለነበር ኩታ ሊሸለም ተጠራ። በገዥ ፊት ራስን ሸፍኖ መቆም ነውር ነው። አያሌው ቁሩን ሊያወልቅ ዘለበቱን ያዘ። አልከፈት አለ። ጥጡ በላብ ርሶ አጥሯል፤ አቧራው ደግሞ ዘለበቱን ነክሶታል። ጎተተ። ሻምበል መጥተው ጎተቱ። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። በመጨረሻ አያሌው ቁሩን እንዳደረገ ሄዶ እጅ ነሣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፤ አልወልቅ አለኝ» አለ።

ገዥው «ማነው የሰፋው?» ብለው ጠየቁ። ሰው ገፍቶ ወደ ፊት አወጣኝ።

«አምና እዚህ ቁልቁለት ላይ የወለቀውንስ ማን ሰፋው?»

አንገቴን ደፋሁ። «እኔው ነኝ ጌታዬ።»

ገዥው እኔን አዩ፣ አያሌውን አዩ፣ ቁሩን አዩ። «እንግዲያው ተሻሽለሃል» አሉ።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ዘሃራ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ሰፌድ የምትሰፋበትን ወስፌዋን ዘለበቱ ውስጥ አስገብታ ፈለቀቀችው። አያሌው ኩታውን በራቁት ራሱ ሲቀበል እኔ ወደ ኋላ ተመለስኩና የሣጥኑን ቁልፍ አውጥቼ ለሻምበል ዘረጋሁላቸው። ከሥራ የሚያሰናብቱኝ ከሆነ እዚሁ አገሬ ላይ ይሁን ብዬ ነበር።

ቁልፉን አልተቀበሉኝም። የተሰነጠቀውን ቁር ብብቴ ሥር አስያዙኝና «ይህ ለጠዋት ይደርሳል?» አሉኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደርሳል አልኳቸው። ሊሄዱ ሁለት እርምጃ ተራምደው ተመለሱ።

«ነገስ የትኛውን ነው የምትሰጠን?»

እንዲህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። ወደ ባሕር ዳር በኩል ያለውን ሰማይ አየሁ።

«ጠዋት እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።